በካሜራ የደረት ራጅ ዲቴክተር እንሥራ? መጀመሪያ ፎቶኑን ቁጠሩ

ጥያቄ፦ «የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነን። አራት ሆነን ለመመረቂያ ፕሮጀክት የዲጂታል ራጅ ዲቴክተር ልንሠራ ነው። ሐሳባችን ከድሮ የፊልም ካሴት ውስጥ ራጅ ሲመታው የሚያበራውን ስክሪን አውጥተን በጨለማ ሳጥን ውስጥ ማሰር፣ ከዚያ በ24 ሜጋፒክሰል ፎቶ ካሜራ ማንሳት ነው። ሆስፒታሎች በብዙ ገንዘብ የሚገዙት ፍላት ፓኔል (ጠፍጣፋው ዲጂታል ዲቴክተር) 9 ሜጋፒክሰል አካባቢ ነው። የእኛ በ2 እጥፍ ተኩል ስለሚበልጥ የተሻለ የደረት ምስል ይሰጣል ብለን እናስባለን። ትንሽ ኖይዝ (ምስሉን የሚረብሽ የዘፈቀደ ነጠብጣብ) ቢኖረው በኤአይ እናጸዳዋለን። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦ ለደረት አይሆንም። ችግሩ የሜጋፒክሰል አይደለም፤ የብርሃን ነው። ሴንሰሩ ጋ ያልደረሰውን ብርሃን ደግሞ ኤአይ አያመጣውም። ሐሳባችሁ ግን ጨርሶ የሚጣል አይደለም። መጠኑን ብትቀንሱት ጥሩ ፕሮጀክት ይወጣዋል። ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ፤ እናንተም ስሌቱን ወረቀት ላይ ደግማችሁ ሥሩት።

ከፒክሰሉ እንጀምር። ለደረት የሚሆን የተለመደ ፍላት ፓኔል 43 በ43 ሴንቲሜትር ነው። የአንዱ ፒክሰል ጎን 0.14 ሚሊሜትር ሲሆን 3,072 በ3,072፣ በጠቅላላው 9.4 ሚሊዮን ፒክሰል ይይዛል። የእናንተ ካሜራ 6,000 በ4,000 ነው። 35 በ43 ሴንቲሜትር የሆነውን ስክሪን ሙሉውን ካነሳችሁ፣ አንዱ የካሜራ ፒክሰል ስክሪኑ ላይ 0.09 ሚሊሜትር ገደማ ይሸፍናል። እስካሁን የምትበልጡ ይመስላል። ነገር ግን ስክሪኑ የፎስፈር፣ ማለትም ራጅ ሲመታው የሚያበራ ቁስ፣ ዱቄት ነው። ራጁ አንድ ቅንጣት ላይ ሲያርፍ የሚፈጠረው ብርሃን ከቅንጣት ወደ ቅንጣት እየነጠረ ወደ ጎን ይሰፋል። ነጥብ ሆኖ የጀመረው ነገር ከስክሪኑ ሲወጣ ከዱቄቱ ውፍረት ጋር የሚቀራረብ ስፋት ያለው ብዥታ ይሆናል። በዚያ ላይ ራጁ የሚመነጭበት የቱቦው የትኩረት ነጥብ ራሱ ስፋት አለው። ልብ ይመታል፤ ታካሚውም ሁልጊዜ ትንፋሹን ጥርቅም አድርጎ አይዝም። በ0.14 እና በ0.09 መካከል ያለው ልዩነት ይህን ሁሉ አልፎ ምስሉ ላይ አይታይም።

ዋናው ጉዳይ ግን የፎቶን፣ ማለትም የራጅ ወይም የብርሃን ነጠላ ቅንጣት፣ ቁጥር ነው። ለደረት ምስል ዲቴክተሩ ላይ የሚደርሰው ጨረር በተለመደው አሠራር 2.5 ማይክሮግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) አካባቢ ነው። ዲቴክተር ለመመዘን በሚያገለግለው መደበኛ የ70 ኪሎቮልት ጨረር፣ 1 ማይክሮግሬይ ማለት በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ወደ 30,000 የራጅ ፎቶን ነው። ስለዚህ በካሬ ሚሊሜትር 75,000 አላችሁ። በአንድ የ0.14 ሚሊሜትር ፒክሰል ላይ 1,500 ገደማ ይደርሳል። ፎቶን በዘፈቀደ ነው የሚወርደው። አንዱ ፒክሰል 1,500 ሲደርሰው ጎረቤቱ 1,460 ወይም 1,540 ሊደርሰው ይችላል። ልዩነቱ የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ያህል ነው። እዚህ 39 ገደማ፣ ማለትም 2.6 በመቶ ይመጣል። ይህ የተፈጥሮ ኖይዝ ነው፤ ምንም ዓይነት ኤሌክትሮኒክስ አያስቀረውም። የጥሩ ዲቴክተር ሥራ በዚህ ላይ ሌላ ኖይዝ አለመጨመር ነው።

ፍላት ፓኔል ይህን እንዴት ያደርጋል? ከላይ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሚወፍር የሲዚየም አዮዳይድ ንብርብር አለው። ክሪስታሉ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ነው የሚያድገው፤ የአንዱ መርፌ ውፍረት ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ነው። ብርሃኑ በመርፌው ውስጥ ተመርቶ ወደ ታች ስለሚወርድ ወደ ጎን ብዙ አይሰፋም። ስለዚህ ምስሉን ሳያደበዝዙ ንብርብሩን ማወፈር ይቻላል፤ ወፍራም መሆኑ ደግሞ ከመጣው ራጅ ሦስት አራተኛ ያህሉን እንዲይዝ ያደርገዋል። ከሥሩ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር የአሞርፈስ ሲሊከን ፎቶዳዮድ በቀጥታ ተለጥፎበታል። በመሃል ሌንስ የለም፣ አየር የለም። አንድ የተያዘ የራጅ ፎቶን በመጨረሻ ወደ 1,000 የሚጠጋ ኤሌክትሮን ይሰጣል። በአንድ ፒክሰል 1,100 ፎቶን ከተያዘ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኤሌክትሮን ተሰበሰበ ማለት ነው። የተፈጥሮው ኖይዝ ብቻውን 33,000 ኤሌክትሮን ይሆናል። የማንበቢያው ኤሌክትሮኒክስ የሚጨምረው 1,000 ወይም 2,000 ኤሌክትሮን እዚህ ውስጥ ገብቶ የውሃ ሽታ ይሆናል።

አሁን ወደ እናንተ ሳጥን እንምጣ። የፊልም ካሴት ሁለት ስክሪን ነው ያለው፤ ፊልሙ በመሃል ተጣብቆ ይቀመጣል። አንዱን ብቻ ስታወጡ የመያዝ አቅሙ ከሁለቱ ድምር በጣም ያንሳል። ከሚመጣው ራጅ ሲሶውን ያዘ እንበል፤ ይህ ራሱ ቸር ግምት ነው። አንድ የተያዘ ፎቶን በጋዶሊኒየም ኦክሲሰልፋይድ ስክሪን ውስጥ 3,000 ገደማ የብርሃን ፎቶን ይፈጥራል። ግማሹ ወደ ካሜራው በኩል ይወጣል እንበል፤ 1,500። እስካሁን ደህና ነን።

ጉዱ ያለው ሌንሱ ላይ ነው። ከስክሪን የሚወጣ ብርሃን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበተናል፤ ሌንሱ የሚይዘው ጥቂቱን ብቻ ነው። ቀመሩ ቀላል ነው። የሌንሱን ኤፍ ቁጥር (ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል) ካሬ በ4 አባዙ። ምስሉ ስንት እጥፍ እንዳነሰ ወስዳችሁ 1 ደምሩበት፤ ካሬ አድርጋችሁ እሱንም አባዙበት። ከስክሪኑ የሚወጣውን ብርሃን ለዚህ ቁጥር ብታካፍሉት ሴንሰሩ ጋ የሚደርሰው ድርሻ ይወጣል። የካሜራችሁ ሴንሰር 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የስክሪኑን 35 ሴንቲሜትር ጎን 15.6 ሚሊሜትር ላይ ለማሳረፍ ምስሉን 22 እጥፍ ማሳነስ አለባችሁ። ሌንሱ ኤፍ 1.8 ቢሆን ውጤቱ 7,000 ገደማ ይመጣል። ከ7,000 ብርሃን አንዱ ብቻ ማለት ነው! ከስክሪኑ የወጣው 1,500 ስለሆነ፣ ለአንድ የራጅ ፎቶን በአማካይ የሚደርሳችሁ 0.2 የብርሃን ፎቶን ነው። በዚህ ላይ የካሜራው የቀለም ማጣሪያ አለ። ስክሪኑ አረንጓዴ ነው የሚያበራው፤ የቀይና የሰማያዊ ፒክሰሎቹ ማጣሪያ አብዛኛውን ያስቀረዋል። የሴንሰሩን ብቃት ጨምረን 0.3 ብንይዝ፣ ከተያዙ 16 የራጅ ፎቶኖች አንድ ኤሌክትሮን ታገኛላችሁ። ፓኔሉ ከአንዱ ብቻ 1,000 ያገኝ ነበር።

በአንዱ ፒክሰላችሁ ላይ የሚያርፈው 570 ራጅ ነው። ሲሶው ሲያዝ 10 ኤሌክትሮን አካባቢ ይሰጣችኋል። የካሜራው የማንበቢያ ኖይዝ 3 ኤሌክትሮን ያህል ቢሆን፣ ለሌላ ሥራ ምርጥ ካሜራ ነው፤ እዚህ ግን ሲግናላችሁን ሊውጠው ምንም አልቀረውም።

በዘርፉ ይህን የምንለካው ዲ.ኪው.ኢ. በሚባል መለኪያ ነው። ወደ ዲቴክተሩ ከገባው መረጃ ስንቱ ምስሉ ውስጥ እንደተረፈ ይናገራል። ጥሩ የሲዚየም አዮዳይድ ፓኔል በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ (ለትላልቅ የምስሉ ዝርዝሮች) 0.65 አካባቢ ነው። የእናንተ በዚህ ስሌት 0.02 እንኳ አይሞላም። ተመሳሳይ ጥራት ለማግኘት ጨረሩን ከ30 እጥፍ በላይ መጨመር አለባችሁ። አንድ ታካሚ ለአንድ ምስል የሠላሳ ደረት ራጅ ጨረር ይውሰድ ማለት ነው። ይህን የሚፈቅድ ሐኪም የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

«ስክሪኑ ከፊልም ጋር ለስንት ዓመት ሠርቶ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ሠርቷል። ግን ፊልሙ ስክሪኑ ላይ ተጣብቆ ነበር የሚቀመጠው፤ ብርሃኑ የትም አይሄድበትም። እናንተ አንድ ሜትር ገደማ አራቃችሁት። «በካሜራ የሚሠሩ የሆስፒታል ማሽኖችም ነበሩ» ካላችሁ እሱም እውነት ነው። ስክሪን፣ የ45 ዲግሪ መስታወትና ሲሲዲ ካሜራ ያላቸው ማሽኖች ተሸጠዋል። ሌንሳቸው ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ ግዙፍ ነበር፤ ሴንሰሩም ትልቅና የሚቀዘቅዝ። ያም ሆኖ ከፍላት ፓኔል የበለጠ ጨረር ይፈልጉ ነበር። ፓኔል እየረከሰ ሲመጣ ገበያው የተዋቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ኤአይ ልለፍ፤ ብዙ ተማሪ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በቀዳዳ ጀሪካን የተቀዳ ውሃ ቤት ከደረሰ በኋላ በምን ዓይነት ብርጭቆ ብትቀዱት አይጨምርም። ኖይዝ የሚቀንስ ሶፍትዌር ጎረቤት ፒክሰሎችን እያየ ይገምታል። ግምቱ ለዓይን የሚያምር ምስል ያወጣል። ችግሩ በሽታው ራሱ ኖይዝ ሲመስል ነው። በመላው ሳንባ የሚረጨውን የቲቢ ዓይነት አስቡት፤ ምልክቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆኑ ብዙ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ናቸው። ሶፍትዌራችሁ እነዚህን «ቆሻሻ» ብሎ ጠርጎ ንጹሕ ሳንባ ሊያሳያችሁ ይችላል። በተቃራኒው ከተራ ኖይዝ ነጠብጣብ ሊፈጥርም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የቲቢ ልየታ ራጅን በኮምፒውተር ማንበብ ይቻላል ብሏል። ያ ግን በአግባቡ የተነሳን ምስል ማንበብ ነው፤ የጠፋን መረጃ መፍጠር አይደለም። ሁለቱን እንዳታምታቱ።

ታዲያ ምን አማራጭ አለ? ፓኔሉን ራሱ ከዜሮ መሥራት የማይታሰብ ነው። መስታወት ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ትራንዚስተር መደርደር የቴሌቪዥን ስክሪን ፋብሪካ ሥራ ነው። ሴሊኒየምም አያዋጣችሁም። በወፍራሙ ሴሊኒየም ውስጥ ራጁ ብርሃን ሳይሆን በቀጥታ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ስለዚህ ምስሉ በጣም ስል ነው። ለጡት ራጅ የተመረጠው ለዚያ ነው፤ እዚያ ጨረሩ ደካማ ስለሆነ 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ይበቃል። ለደረት ግን እስከ 1 ሚሊሜትር ማወፈር ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ማይክሮሜትር 10 ቮልት ስለሚፈልግ 10,000 ቮልት ልትጭኑበት ነው። ሙቀትም አይወድም፤ ክሪስታል ይሠራና ይበላሻል። ያገለገለ ፓኔል ገዝቶ ሶፍትዌሩን መሥራት ሦስተኛው መንገድ ነው። ነገር ግን የአምራቹን የመገናኛ ፕሮቶኮል ካላገኛችሁ ዓመቱ በገመድ ፍለጋ ያልቃል። ልፋታችሁ ሜዳ ላይ ይቀራል።

የጥርስ ሐኪም አፍ ውስጥ የሚያስገባውን ትንሽ ሴንሰር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ስፋቱ ጥቂት ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ሲዚየም አዮዳይዱ በፋይበር ኦፕቲክ ሳህን (ብርሃን በሚያስተላልፉ ቀጫጭን የመስታወት ክሮች የተሠራ) አማካይነት ሲሞስ በሚባል የካሜራ ሴንሰር ላይ ተለጥፏል። ሳህኑ ብርሃኑን ሳያባክን ያሳልፋል፤ ያመለጠውን ራጅ ደግሞ ራሱ ይይዝና ሴንሰሩን ይጠብቃል። ንድፉ አሪፍ ነው። ሳህኑን ማግኘትና ያለ አረፋ መለጠፍ ግን ዋዛ አይደለም፤ ለመጀመሪያ ሥራ አልመክረውም።

የእኔ ምክር ይኸው ነው። መስኩን ከ43 ሴንቲሜትር ወደ 5 በ5 ሴንቲሜትር አውርዱት። ቀመሩ ውስጥ መልሳችሁ አስገቡት። ማሳነሻው ከ22 ወደ 3.2 ይወርዳል፤ 7,000 የነበረው 230 ይሆናል። በቀለም ካሜራ እንኳ ከአንድ ራጅ 2 ኤሌክትሮን ታገኛላችሁ። የቀለም ማጣሪያ የሌለው የኢንዱስትሪ ካሜራ ብታገኙ ወደ 4 ይደርሳል። ይህ ከፓኔል ጋር አይወዳደርም። ግን አንድን ራጅ በአማካይ ከአንድ ኤሌክትሮን በላይ ማድረግ ትልቁን ማነቆ ማለፍ ነው። የምታነሱትም ሕይወት የሌለው ነገር ስለሚሆን ጨረሩን 10 እጥፍ ብትጨምሩ ማንም አይጎዳም። የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ እንደ ደረጃ እየወፈረ የሚሄድ የአልሙኒየም ቁራጭ፣ ከሥጋ ቤት የመጣ አጥንት፣ ሁሉም ይሆናሉ።

አሠራሩ ላይ ጥቂት ነገር ልብ በሉ። ካሜራውን ከጨረሩ መንገድ አውጡት። ስክሪኑ ከላይ ይሁን፣ መስታወቱ በ45 ዲግሪ፣ ካሜራው በጎን፤ ዙሪያውን እርሳስ ሸፍኑት። በቀጥታ ራጅ ሲመታው ምስሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይረጫል፤ ሴንሰሩም ይጎዳል። ስክሪኑ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አጣሩ። አረንጓዴ ካበራ ጋዶሊኒየም ነው። ሰማያዊ ካበራ ካልሲየም ተንግስቴት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ብርሃኑም ትንሽ ነው፣ ለሴንሰሩም አይመቸውም። ፎቶውን በጄፔግ አታስቀምጡ። ካሜራው በራሱ ቀለም ያስተካክላል፣ ኖይዝ ያለሰልሳል፣ ብሩህነቱን ያጣምማል፤ ከዚያ በኋላ የምትለኩት ነገር ሁሉ ውሸት ነው። ጥሬውን ፋይል ያዙ። ሹተሩን ክፈቱ፣ ራጁን ተኩሱ፣ ዝጉ።

ካሊብሬሽን ሳትሠሩ አንድም ምስል ለማንም አታሳዩ። ራጅ ሳይተኮስ የተነሱ ብዙ የጨለማ ምስሎችን አማካይ ወስዳችሁ ቀንሱ። ቀጥሎ ምንም ነገር ሳታስቀምጡ በተነሳ ወጥ ምስል አካፍሉ፤ የሌንሱ ጥግ መጨለምም፣ የቱቦው ጨረር በአንድ በኩል መሳሳትም በዚህ ይስተካከላል። የሞቱ ፒክሰሎችን ለይታችሁ በጎረቤቶቻቸው አማካይ ተኩ። ሴንሰር ሲሞቅ የጨለማ ኤሌክትሮኑ በየ7 ዲግሪ ገደማ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የጠዋቱ የጨለማ ምስል ለከሰዓት አይሠራም፤ ደግማችሁ አንሱ። የመብራት ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል የራጅ ማሽኑም ውጤት አብሮ ሊዋዥቅ ስለሚችል፣ በየተኩሱ ጨረሩን በዶዚሜትር ለኩ። ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ።

ከዚያ ወደ እውነተኛው ሥራ ግቡ። ስለታም የእርሳስ ወይም የተንግስተን ጠርዝ በጥቂቱ አዘንብላችሁ አንሱና ኤም.ቲ.ኤፍ. (የምስሉን ስለት የሚለካውን) አስሉ። ወጥ ከሆኑ ምስሎች የኖይዙን ስፔክትረም (ኖይዙ በደቃቅና በትላልቅ ዝርዝሮች ላይ እንዴት እንደተከፋፈለ) አውጡ። ጨረሩን በ70 ኪሎቮልትና በ21 ሚሊሜትር አልሙኒየም ማጣሪያ አዘጋጁት። ማሽኑ ከተባለው ጨረር ጋር መግጠሙን የግማሽ እሴት ውፍረቱን (ጨረሩን በግማሽ የሚቀንሰውን የአልሙኒየም ውፍረት) በመለካት አረጋግጡ፤ 6.8 ሚሊሜትር አልሙኒየም አካባቢ መምጣት አለበት። ኤም.ቲ.ኤፍ.ን፣ የኖይዙን ስፔክትረምና የለካችሁትን የጨረር መጠን አገናኝታችሁ ዲ.ኪው.ኢ. አውጡ። ስሌታችሁ 0.2 ብሎ ልኬታችሁ 0.1 ቢያወጣ አትደንግጡ። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማስረዳት የፕሮጀክቱ ምርጥ ምዕራፍ ይሆናል። እኔ ፈታኝ ብሆን የደበዘዘ የደረት ፎቶ ከሚያሳየኝ ቡድን ይልቅ ይህን ለሚያሳየኝ ነው ማርኩን የምሰጠው።

የማልደራደርበት አንድ ነገር አለ። ሳጥኑ ውስጥ የሰው አካል አይገባም። የጓደኛ እጅ አይገባም፣ የራሳችሁም እጅ አይገባም። «ራጅን ያገኘው ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. የሚስቱን እጅ አንስቶ የለም?» እንዳትሉኝ። ያኔ የጨረር ጉዳት ገና አልታወቀም ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙ የራጅ ሠራተኞች ጣታቸውንና ሕይወታቸውን አጥተዋል። ራጁ የሚተኮሰው ፈቃድ ባለው ክፍል ውስጥ፣ ኃላፊው ባለሙያ ባለበት ብቻ ይሁን። ለታካሚ የሚሆን መሣሪያ ደግሞ የጨረር ተቆጣጣሪውንና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ረጅም መንገድ ነው፤ በአንድ ዓመት የመመረቂያ ሥራ አይደረስበትም።

ስለዚህ ፕሮፖዛላችሁ ላይ «የደረት» የሚለውን ቃል ሰርዙና «5 በ5 ሴንቲሜትር የሙከራ ዲቴክተር፤ ንድፍና የዲ.ኪው.ኢ. ልኬት» ብላችሁ ጻፉ። ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊትም የፎቶኑን ስሌት በአንድ ገጽ ሠርታችሁ ለአማካሪያችሁ አሳዩ።